ሣር የሌለው መስክ

ቤር ሼቫ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከመስታወቱ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ፣
እንጀራዬ ጽሕፈት ነው፦ ማሽን የሚሠራውን ለሰው ማሳወቅ።
እሑድ ጠዋት የደረሰኝ መሣሪያ ትንሽ ነው፤ ስሙ «የወግ ሁኔታ»፤
ወኪሉ፣ ያ ሰው ሠራሽ አሳቢ፣ ሲጠራው ይመልሳል ባንድ አፍታ፦
ስንት ሰዓት ነው? ወጋችን ከተጀመረ ስንት ደቂቃ ሆነው?
ከተሰፈረልኝ ቃል ስንቱን በላሁ? የቀረውስ ምን ያህል ነው?
የቱ ሞዴል ነው የሚያስብልኝ? ሒሳቡስ ከምን ደረሰ?
ይኸው ነው። ከዚያ ዝም ይላል፣ የተጠየቀውን ካደረሰ።

«ወኪሉ ቀኑን አያውቅም» ብዬ ከፈትኩ የመጀመሪያውን አንቀጽ።
«ካልጠየቀ ይገምታል፤ ሲገምትም
አምና ላይ ቆሞ ስለ ነገ ያወራል።
ስለዚህ ይጠይቅ።»
እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በወር አንዴ ነው የሚወጣኝ።
ምሳዬን ቀደም ብዬ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ መስኮቹን ዘረዘርኩ።
መስክ እንላቸዋለን፤ ሣር የላቸውም፣ ከብት አይሰማራባቸውም፣
አንድ ቃል ወይ አንድ ቁጥር ይቀመጥባቸዋል፣ ሌላ አያበቅሉም።
የመጨረሻው መስክ «ጤና» ይባላል። የሚመልሰው፦ «ደህና»።
ሌላ መልሱን ፈለግሁ፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት፣
መስመሩን በጠስኩበት፣ ቃሉን ጢም አድርጌ ሞላሁበት፣
ወጉን ከመሐሉ ቆርጬ ጣልኩት፤
«ደህና»።

ናዳቭን ጠራሁት። የሱፍ ፍሬ እየቀረጠፈ መጣ፣
በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና ቅርፊቱን መዳፉ ላይ ተፋ።
«ሁልጊዜ አንድ ቃል የሚመልስ ነገር ሁኔታ አይነግርሽም፣ ኦስናት፤
ጨዋነት ነው» አለኝ በዕብራይስጥ።
ይሉኝታ ለማለት ቃል አጥቶ ነው።

እሱ የኛን ስልክ አልሰማም።
«እንዴት አደርክ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ጉልበትህስ?» «ደህና።» «ጎረቤቶችህስ?» «ደህና።» «ደም ግፊቱስ?» «ደህና።»
አምና በሐኑካ ሰሞን ደወልኩለት፤ «ደህና ነኝ፣ ብቻ አንቺ ደህና ሁኚ» አለ፣
ከበስተኋላው የድምፅ ማጉያ «የልብ ሐኪም ወደ ድንገተኛ ክፍል» እያለ።
ሶሮካ ሆስፒታል ነበር፤ ከገባ ሁለት ቀኑ።
የነገረችኝ ነርሷ ናት።
አባቴ አልዋሸም፤ ስልኩን አንስቷል፤ «አለሁ» ነው ያለኝ።

ስህተቱን መዝግቤ ላክሁ። በማግሥቱ ዘግተው መለሱልኝ፦
«እንደታሰበው ይሠራል።»
እኔም ከሰነዱ ግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩ፦
«ደህና ማለት መስመሩ ክፍት ነው ማለት ነው።
ሌላውን በየስሙ ጠይቁ።»

ረቡዕ ሰፈር ዳሌት ሄድኩ፣ አሳንሰር የሌለው ሦስተኛ ፎቅ።
አባባ ይስማው ነው ዱካዬን ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ የሚያውቅ።
እንዴት ነህ አላልኩትም።
«ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ?»
«ሰባት።»
በሱ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ አገር ሰዓት አንድ።
በሰነዴ «የሰዓት ቀጠና» የሚል መስክ አለ፤
የሱ ቀጠና ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣
ከአምቦበር ይዞት የመጣው፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።
«ኪኒኑ ስንት ቀረ?» ክዳኑን ከፍቶ ቆጠረ። አሥራ አንድ።
መቅረት የነበረበት አራት።
«ትናንትና ማን መጣ?»
በጠረጴዛው ላስቲክ ላይ የታተመውን አበባ በጣቱ ተከተለ፣
አንድ ቅጠል፣ ሌላ ቅጠል።
«ማንም።»
«ከትናንት ወዲያስ?»
«ምነው እንደ ቢቱዋህ ሌኡሚ መረመርሽኝ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።
ኪኒኖቹን አንድ ባንድ ወደ ዕቃቸው መለሰ። አልቸኮለም።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ተራው እንደደረሰው ሰው፦
«አንቺስ? ማታ በስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ደህና» ልለው አፌን ከፈትኩ።
ጥያቄው ግን ለዚያ ቃል ቦታ የለውም።
«ዘጠኝ» አልኩት፤ በሱ አቆጣጠር።